ጠቅ ያለው ምንድን ነው?

ኅዳር ውስጥ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዬ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ» አለች። ደገምኩ። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ።» ምላሷን እያማታች የምታሾፍብኝ መሰለኝ።

ከላይ ቤት ያሉት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። በረንዳቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጥርሳቸውን እየፋቁ ያዩኛል። «ልጄ፣ እስቲ የፊት መብራቱን አብራና ደግመህ ሞክረው» አሉኝ። አበራሁ። ግድግዳው ላይ ደምቆ በራ። ቁልፉን ሳዞር ግን ጭል ጭል ብሎ ሊጠፋ ደረሰ። «ባትሪ ነው። ሞተሪኖህን እንዳያስቀይሩህ» አሉና ወደ መፋቂያቸው ተመለሱ። ሞተሪኖ መኪናውን የሚያስነሳው ዕቃ ነው።

የገረመኝ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ መካኒክ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ሞተሪኖው አልቋል» ብሎኝ ነበር። ጋሼ ደግሞ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ከበረንዳ ላይ ሆነው ጨረሱት። ሁለቱም ርካሽ ዕቃ አይደለም። አንዱ ተበላሽቶ ሌላውን መግዛት ግን ያንገበግባል።

በዚያው ሳምንት የቤታችን ዋይፋይም ሞተ። ሞደሙ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እሷም እንደ ጠቅታው የምትናገረው ነገር ነበራት፣ እኔ ቋንቋዋን አላውቅም እንጂ። ሁለቱን አንድ ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ቁልፍ ስናዞር ወይም ቪዲዮ ስንነካ አንድ ትልቅ ነገር ያደረግን ይመስለናል። ያደረግነው ግን መጠየቅ ብቻ ነው። የቀረው ቅብብሎሽ ነው። ትንሹ ትልቁን ይቀሰቅሳል፣ ትልቁ ደግሞ ሌላውን። ሲበላሽ የሚሰንፈው አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባባዮቹ አንዱ ነው፤ ማን እንደሆነም ማሽኑ ራሱ ይጠቁማል።

ቁልፉ ተላላኪ ነው

መኪና ሞተር ራሱን በራሱ አያስነሳም። ቤንዚን ከማቃጠሉ በፊት አየር መሳብና ማመቅ አለበት። ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ መዞር አለበት። የሚያዞረው ሌላ አካል ያስፈልጋል ማለት ነው። ድሮ ያ አካል ሰው ነበር። ከመኪናው ፊት ቆሞ በብረት እጀታ ያዞረዋል። ሞተሩ ያለ ሰዓቱ ከተኮሰ እጀታው ወደ ኋላ ይወረወራል፤ የብዙ ሰው እጅም ሰብሯል። ቻርለስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ ሞተር ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። የኛ መካኒኮች ከጣልያንኛው ይዘው «ሞተሪኖ» የሚሉት የዚህ ልጅ ነው። ትንሽ ሞተር፣ ትልቁን ሞተር ለመቀስቀስ።

ሞተሪኖ ትንሽ ነው ቢባልም ሆዱ ሰፊ ነው። የቤንዚን መኪና ሲነሳ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል (አምፔር የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ ነው)። የናፍጣው ከዚህም ይበልጣል። በኃይል ሲሰላ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ እንደሚወስድ አስቡት። የምጣዱን ግማሽ ወይም ሲሶ የሚያህል ኃይል ከአንዲት ባትሪ በአንድ ጊዜ ይወጣል ማለት ነው። ደግነቱ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አምፔር በቁልፉ ውስጥ ቢያልፍ ቁልፍ ማዞሪያው ይቀልጣል። ስለዚህ በቁልፉ በኩል የሚያልፈው ቀጭን መልእክት ነው። መልእክቱ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ወደተለጠፈች፣ ሶሌኖይድ ወደምትባል ትንሽ ሲሊንደር ይሄዳል። ውስጧ የተጠቀለለ ሽቦና መሐሉ ላይ የሚንሸራተት ብረት አለ። ሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ብረቱን ይስበዋል። ብረቱ ሲሳብ በአንድ ምት ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ትንሿን የሞተሪኖ ጥርስ ገፍቶ ሞተሩ ጀርባ ካለው ትልቅ ጥርሳም ክብ ጋር ያነክሳታል። በሌላ በኩል ሁለት ወፍራም መዳቦችን ያገጣጥማል። ትልቁ ጅረት የሚለቀቀው ያኔ ነው። ትንሿ ጥርስ ከ10 ጊዜ በላይ ስትዞር ትልቁ ክብ አንዴ ይዞራል። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ጠቅታው ይገባናል። ብረቱ ተስቦ መዳቦቹን ሲያገጣጥም የሚሰማው ድምፅ ነው «ጠቅ»። ባትሪው የደከመ ከሆነ መዳቦቹ እንደተገጣጠሙ ቮልቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ ግፊት፣ ይወድቃል። ቮልቱ ሲወድቅ ሶሌኖይዷ ብረቱን መያዝ ያቅታትና ትለቀዋለች። ስትለቀው ጭነቱ ይቀላል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ትስበዋለች። ጠቅ። ትለቃለች። ጠቅ። ስለዚህ የተደጋገመ ጠቅታ «ባትሪዬን ወይም የባትሪ ማሰሪያዬን እዩልኝ» ማለት ነው። አንድ ጠንካራ ጠቅታ ብቻ ተሰምቶ፣ መብራቱም ሳይደበዝዝ፣ ከዚያ ዝም ካለ፣ ያኔ ሞተሪኖውን መጠርጠር ያስኬዳል። ጠቅታም ከሌለ፣ መብራቱም ደማቅ ከሆነ፣ መልእክቱ ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዷ አልደረሰም። ጋሼ በመብራቷ ያነበቡት ይህንን ነው።

እኔ አላመንኩም፤ ቴስተር ተዋስኩ። ባትሪው አርፎ እያለ 12.3 ቮልት አነበበ። «ይኸው፣ ደህና ነው!» አልኩ። ሚስቴ ቁልፉን ስታዞር ቁጥሩ ወደ 7 ወረደ። ደህና የሆነ ባትሪ በዚያ ሰዓት ከ10 ቮልት ብዙም መውረድ የለበትም።

አርፎ ደህና፣ ሲሠራ ግን ደካማ የሚሆነው እንዴት ነው? በሮቶ አስቡት። ሮቶው ሙሉ ነው፣ ግን የሚወርደው ቧንቧ በዝገት ጠቧል። ቧንቧውን ከፈት አድርጋችሁ ብርጭቆ ስትሞሉ ምንም ችግር የለም። ሁሉንም ቧንቧ በአንዴ ስትከፍቱ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ባትሪም እንደዚያው ነው። ውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ሲደመሩ 12.6 ይሆናሉ። በዕድሜ ብዛት የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይጋገራል። ጅረቱ የሚያልፍበት መንገድ ይጠባል። የቅዝቃዜው ነገር ሲጨመርበት ይብሳል። በብርድ የባትሪው ኬሚስትሪ ይንቀራፈፋል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ክረምቱን ሙሉ እንደምንም የቆየ ባትሪ እጁን የሚሰጠው በነዚህ ወራት ቢሆን አይገርምም።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ማሰሪያዎቹን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከጋገረባቸው፣ ፈትታችሁ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር እሱ የመጨረሻው ይሁን። የኔን ሳጥብ ቁጥሩ ከ7 ወደ 8 ወጣ። ለሁለት ቀን አነሳችኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለስን ወደ ጠቅ ጠቅ።

ብልጭታዋ

ሞተሩ ዞረ እንበል። አየርና ቤንዚን ገባ፣ ታመቀ። አሁን እሳት ያስፈልጋል። እሳቱን የምታቀብለው ካንዴላ ናት። ጫፏ ላይ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት አለ። ኤሌክትሪክ ያንን ክፍተት ዘሎ ብልጭ ማለት አለበት። በታመቀ አየር ውስጥ ያንን ለመዝለል ደግሞ ከ20,000 እስከ 40,000 ቮልት ሊያስፈልግ ይችላል። ያለን ባትሪ ግን 12 ቮልት ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው ቦቢና ወይም ኮይል የሚባለው ነው። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። አንዱ ወፈር ያለና ጥቂት መቶ ዙር፣ ሌላው ከፀጉር የሚቀጥንና የዚያን መቶ እጥፍ ያህል ዙር ያለው። በመጀመሪያው ላይ ጅረት ሲያልፍ ዙሪያው መግነጢስ ይሞላል። ከዚያ የመኪናው ኮምፒዩተር ጅረቱን በድንገት ይቆርጠዋል። ነገሩ ያለው በመቁረጡ ላይ ነው።

ጠንካራ ግፊት ያለውን የውኃ ቧንቧ በአንዴ ዘግታችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳው ውስጥ «ጓ!» ይላል። ሲሮጥ የነበረው ውኃ መቆም አልፈለገም፤ ግፊቱ ባንድ አፍታ ያሻቅባል። ቦቢናም ውስጥ መግነጢሱ ድንገት ሲፈርስ በመጀመሪያው ሽቦ ላይ ጥቂት መቶ ቮልት ይነሳል። በሁለተኛው ላይ በመቶ ይባዛል። 300 በ100፣ 30,000። ያ ነው ካንዴላዋ ጫፍ ላይ የሚዘለው።

በጋሼ ጊዜ ይህን የመቁረጥ ሥራ የምትሠራው ፑንቲና የምትባል፣ በሞተሩ ዙር የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ብረት ነበረች። በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፈጋለች። ከአንድ ቦቢና የወጣውንም እሳት ዲስትሪቢዩተሩ እየዞረ ለአራቱ ካንዴላ ያድል ነበር። ዛሬ አብዛኛው መኪና ላይ እያንዳንዷ ካንዴላ የራሷ ኮይል ተቀምጦባታል፤ የሚቆርጠውም ትራንዚስተር ነው። ስሞቹ ግን አልተለወጡም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ሞተሪኖ። ጣልያን ከሄደ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ቃሉ አሁንም አለ።

ፍጥነቱን እንያት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይተኮሳል። አራቱ ሲደመሩ 100 ብልጭታ፣ በአንድ ሰከንድ። ብልጭታዋ የምትለቀቀው ደግሞ ፒስተኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ ወጣ ገባ የሚለው ብረት) ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እሳቱ ክፍሉን ለማዳረስ ጊዜ ስለሚፈልግ ቀድሞ ነው የሚለኮስ። ሞተሩ ሲፈጥን ይበልጥ ቀድማ ትለቀቃለች። ከዋና በር ቀድመህ «ወራጅ አለ» እንደማለት ነው፤ በሩ ጋ ደርሰህ ብትጮህ ታክሲው አልፎታል።

ናፍጣ ሞተር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ የእሳት ካንዴላ የለውም። አየሩን ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያምቀዋል። የታመቀ አየር ይግላል፤ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ ጫፉ ላይ እንደሚሞቀው። ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስል ቢጫ መብራት ካለች፣ እስክትጠፋ መጠበቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው። ክፍሉን የሚያሞቀው ማሞቂያ እየሠራ ነው ማለት ነው።

መኪና በግፊያ የሚነሳውስ? ማኑዋል ከሆነ፣ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ጎረቤቶቻችሁ ሞተሪኖ ሆኑ ማለት ነው። አውቶማቲክ ላይ ግን በከንቱ አታልቡ። የጊርቦክሱ ዘይት ግፊት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ ጎማውና ሞተሩ አይጨባበጡም። ማኑዋልም ቢሆን ባትሪው ጨርሶ ከሞተ አይነሳም፤ ኮምፒዩተሩ፣ የነዳጅ ፓምፑና ኮይሉ የሚጎርሱት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልፍ ቀራጭ ጋ ያስቀረጻችሁት ቁልፍ በሩን ከፍቶ ሞተሩን አስነስቶ በሁለት ሰከንድ የሚያጠፋ ከሆነ ብረቱ ተበላሽቶ አይደለም። የድሮው ቁልፍ ፕላስቲክ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም። ቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለው ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሳታል፤ እሷም ቁጥሯን ትናገራለች። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ካላወቀው ነዳጁን ወይም ብልጭታውን ይከለክላል።

«በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ስለ ካንዴላ ምን ያስወራል?» የሚል አይጠፋም። በጥር 2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተባለ በኋላ የኤሌክትሪኮቹ መንገዱ ላይ እየበዙ ነው፤ እውነት ነው። ካንዴላም ሞተሪኖም የላቸውም። ትልቁ ባትሪያቸው ብዙ ጊዜ 300 ወይም 400 ቮልት ይይዛል። ግን አብዛኞቹ ውስጥ ያቺው ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለች! ለደኅንነት ሲባል ትልቁ ባትሪ መኪናው ሲቆም ተቆርጦ ይቀመጣል። መልሶ የሚያገናኘው ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ትንሿ ከሞተች ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶም መኪናው አይነቃም። ስትነቃ ጆሮ ከሰጣችሁ፣ ከወለሉ ሥር «ጠቅ» ሲል ትሰማላችሁ።

ቀይዋ መብራት

ወደ ዋይፋዩ እንምጣ። ልጄ መጣችና «ዋይፋዩ ሙሉ ነው ግን አይሠራም» አለችኝ። ስልኳ ላይ ምልክቷ እስከ ጫፍ ድረስ ሞልታለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ያቺ ምልክት የምትለው ስልኩና ሞደሙ በደንብ ይደማመጣሉ ብቻ ነው። ሞደሙ ከውጭ ጋር ስለመነጋገሩ ምንም አታውቅም። የመኪናው ሬዲዮ ስለዘፈነ ሞተሩ ይነሳል እንደማይባለው ሁሉ።

ስልክ ከሞደሙ ጋር የሚያወራው በሬዲዮ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ወይም በ5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ግድግዳ በተሻለ ይሻገራል፣ ግን የሰፈሩ ሞደም ሁሉ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃውም ጭምር የሚንጫጫበት ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ግን ኮንክሪት ይደክመዋል። ሞደሙን ከፍሪጅ ጀርባ ወይም ቁምሳጥን ውስጥ ከደበቃችሁት ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። ብረት ሞገዱን ይመልሳል። ቆርቆሮ ግድግዳም እንደዚያው። መሐል ቤት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ። ስለ ዋይፋይ ይኸው ነው።

ከሞደሙ ወዲያ ያለው መንገድ ይበልጥ ደስ ይላል። ድሮ በመዳብ ነበር። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ነው፤ ያኔ በስልክ መስመር፣ «ጭ...ር...ር» እያለ። በጣም ፈጣኑ የስልክ ሞደም 56 ኪሎቢት በሰከንድ ነበር። አምስት ሜጋባይት የሆነ አንድ ዘፈን ለማውረድ 12 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው፣ ያውም እቤት ያለ ሰው ስልኩን ካላነሳው። ቀጥሎ የመጣው ዘዴ በዚያው መዳብ ላይ የሰው ድምፅ ከማይደርስበት ከፍተኛ ሞገድ ላይ ዳታ ይጭናል። ስልክ እያወሩ ኢንተርኔት መጠቀም የተቻለው ያኔ ነው። መዳብ ግን ርቀት ላይ ይደክማል፤ ከስልክ ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትርቁ ፍጥነቱ ይሟሟል።

የመዳቡ አንድ በጎ ነገር ይናፍቀኛል። መብራት ሲጠፋ የቤት ስልክ ይሠራ ነበር። ጣቢያው ከራሱ ባትሪ 48 ቮልት በዚያችው ሽቦ ይልክ ስለነበር ነው። መዳቡን የተካው ፋይበር ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ስለዚህ መብራት ሄደ ማለት ሞደሙም ሄደ።

ፋይበሩ ምንድን ነው? መስታወት። ውፍረቱ 0.125 ሚሊሜትር፣ ከፀጉር ትንሽ ወፈር ይላል። ብርሃኑ የሚሮጥበት እምብርቱ ግን 0.009 ሚሊሜትር ነው። እምብርቱና ልባሱ ትንሽ የተለያየ መስታወት ስለሆኑ፣ ብርሃኑ ለመውጣት ሲሞክር ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። በሰከንድ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። በራ አንድ፣ ጠፋ ዜሮ። ፎቶውም፣ ድምፁም፣ የባንክ ዝውውሩም እነዚህ ናቸው።

ብዙ ሰው የራሱ ፋይበር እስከ ጣቢያው ድረስ ለብቻው የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ከጣቢያው አንድ ፋይበር ይመጣና ሰፈር አካባቢ፣ ምሰሶ ላይ ወይም ሳጥን ውስጥ ባለች ትንሽ መሣሪያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። መሣሪያዋ ኤሌክትሪክ አያስፈልጋትም፤ ብርሃኑን ብቻ ትካፈላለች። ከጣቢያው የሚመጣው ሁሉ ለሁሉም ቤት ይደርሳል። የእናንተ ሞደም የራሱ አድራሻ ያለበትን ብቻ አንስቶ የቀረውን ይተወዋል። መልእክቱ የተመሰጠረ ስለሆነ የጎረቤታችሁን ልንበብ ብትሉም አይሳካም። በብዛት በተሠራጨው ዓይነት፣ ወደ ታች የሚወርደው ጠቅላላ ፍጥነት በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ትካፈሉታላችሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ላይ ስትልኩስ? ሁሉም ሞደም በአንዴ ብርሃኑን ቢረጭ ይደባለቃል። ስለዚህ ጣቢያው ውስጥ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ የሚሠራ ማሽን አለ። «አንተ ሂድ፣ አንቺ ጠብቂ፣ ቀጥሎ አንተ» ይላል። ልዩነቱ፣ ይህ ተራ አስከባሪ ሰዓቱን የሚቆርጠው በሰከንድ 8,000 ጊዜ ነው። አይጮህም፣ ከማንም አያዳላም፣ ሳንቲምም አይቀበልም።

አሁን ወደ ቀይዋ መብራት። ሞደሙ ላይ «ፖን» (PON) የምትል አረንጓዴና «ሎስ» (LOS) የምትል ቀይ መብራት አለች። አረንጓዴዋ ረግታ ከበራች ከጣቢያው ጋር ተግባብቷል። ቀይዋ ከበራች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች «ብርሃን አልደረሰኝም» እያለ ነው። ያኔ ሞደሙን አሥር ጊዜ ማጥፋትና ማብራት፣ ፓስወርድ መቀየር፣ ስልክ መቀየር ሁሉ ዋጋ የለውም። በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ አድርጌዋለሁ።

ችግሩ ሶፋው ነበር። ለቡና እንግዳ ሲመጣ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፍተነዋል። ከጀርባው ያለችው ቢጫ ገመድ እንደ ወረቀት ታጥፋለች። ፋይበር በጣም ሲታጠፍ ብርሃኑ መመለሱን ትቶ በማጠፊያው ላይ ይፈስሳል። ሞደሙ የሚደርሰው ብርሃን ድሮውንም ትንሽ ነው፤ አንድ ዋት ለሚሊዮን ተከፍሎ ሁለቱ እጅ ብቻ ቢደርሰውም ይሠራል። ከዚያ በታች ሲሆን ግን ይታወራል። ሶፋውን ጎትቼ ገመዱን በሰፊ ክብ አሰናዳሁት። ሻይ ቤት እንዳለ የሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ያህል ክብ ይበቃዋል። በደቂቃ ውስጥ ቀይዋ ጠፋች። ገመዱ ውስጡ ቢሰበር ኖሮ ባለሙያ መጥራት ግድ ነበር። የተነቀለ ፋይበር ጫፍ በዓይናችሁ እንዳታዩት፤ ብርሃኑ አይታይም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም።

አረንጓዴዋ ረግታ በርታ፣ ድረ ገጽ ግን የማይከፈትበት ቀንም አለ። አንዳንዴ የሚሰንፈው የስም መዝገቡ ነው። ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ እኛ የምንጽፈው በስም። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉም ሌላ ኮምፒዩተር አለ። እሱ ሲታመም ቁጥሩን አስቀድመው የያዙ መተግበሪያዎች ይሠራሉ፣ ድረ ገጾች እምቢ ይላሉ። «ቴሌግራም ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም» ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ እኛ ቤትም፣ ሰፈራችንም፣ አገራችንም ውስጥ አይደለም። ባሕር የለንም፤ ኢንተርኔታችን ግን በባሕር ነው የሚመጣው። በየብስ ፋይበር ወደ ጎረቤት አገሮች፣ ለምሳሌ ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ ይሄዳል፤ እዚያ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል። በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን ይዞ አውሮፓ ለመድረስ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ብርሃን መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ፣ መሄጃው 30 ሚሊሰከንድ፣ ደርሶ መልስ 60 ነው። ዓይናችሁን ከመጨፈናችሁ በፊት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ብዙ ኬብሎች ተቆረጡ። በሚሳይል የተመታች መርከብ እየተንሳፈፈች መልህቋን ስትጎትት ቆርጣቸዋለች ተብሎ ይታመናል። ሶፋ እንደማለት ነው፣ መጠኑ ይለያል እንጂ።

ስለ ፓኬጅም አንድ ቃል። «10 ሜጋ ገዝቼ 1.2 ብቻ ይሰጠኛል፣ ተጭበረበርኩ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አረጋጉት። የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ስልኩ ሲያወርድ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 10 ለ 8 ሲካፈል 1.25። ሂሳቡ ልክ ነው።

ባትሪዬን በመጨረሻ ቀየርኩት። አሮጌውን ሻጩ በኪሎ ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ አልሰጠሁትም። የሞደሙን ቻርጀር ገልብጬ ሳነበው «12 ቮልት፣ 1 አምፔር» ይላል። ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲጠይቅ የሚዘጋው ያ የጠበበ ቧንቧ፣ አንድ አምፔር ሲጠየቅ ምንም አይለውም። ብርጭቆ መሙላት ነው። ባትሪውን በረንዳ ላይ፣ አየር ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ቤት ውስጥ አይገባም። ከፖዘቲቩ ሥር ባለ 2 አምፔር ፊውዝ አድርጌ ሞደሙን ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። ስሞላው ሞደሙን እነቅለዋለሁ፤ ያኔ ቮልቱ ከ14 በላይ ይወጣል።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። የኛ ሞደም አረንጓዴዋን አብርታ ተቀምጣለች። ጋሼ ከላይ ሆነው በረንዳዬን አዩና ሳቁ።

«ያ ሞተር ማስነሳት ያቃተው ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና ስልካቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ። «በል እንግዲህ፣ ፓስወርዱን ንገረኝ።»